ሰብር ሌላ፣ ማዘግየት ሌላ



በየቤታችን የተለመደ ነገር አለ። አባት ሌሊት ደረታቸውን ይይዛሉ፣ ላብ ያጠምቃቸዋል። አንዱ «ጨጓራ ነው» ይላል፣ ሌላው «ብርድ ነው» ይላል። ዝንጅብል ይፈላል፣ ቁርኣን ይቀራል። ከዚያ «እስኪነጋ ሰብር እናድርግ» ይባላል። ቁርኣኑም ዱዓውም ኸይር ነው። ሰብርም ትልቅ ዒባዳ ነው። እስኪነጋ መጠበቁ ግን ሰብር አይደለም፤ ማዘግየት ነው።

ነገሩን እንረዳው። ልብ ራሷ ደም የምታገኘው ኮሮናሪ በሚባሉ ቀጫጭን የደም ሥሮች ነው። እነዚህ ሥሮች በውስጣቸው ስብ እየተከማቸ በዓመታት ውስጥ ይጠባሉ። ክምችቱ በድንገት ሲሰነጠቅ ደም ይረጋበትና መንገዱ ይዘጋል። ሀርት አታክ የምንለው ይህ ነው። ደም ያጣው የልብ ጡንቻ በየደቂቃው ይሞታል፤ የሞተው ደግሞ ተመልሶ አይበቅልም።

«ሆስፒታል ከሄዱ ልባቸውን ይከፍቱታል» ብሎ የሚፈራ ብዙ ነው። በካቴተር የሚሰጠው ሕክምና ግን ደረት አይከፍትም። ሐኪሙ የእጅ አንጓን ወይም ብሽሽትን አደንዝዞ በደም ሥር በኩል ቀጭን ቱቦ እስከ ልብ ያደርሳል። በቱቦው ቀለም ረጭቶ በራጅ ሲያይ የጠበበው ቦታ ይታያል። ይህ ምርመራ አንጂዮግራም ይባላል። ማስፋት ካስፈለገ እዚያው ትንሽ ፊኛ ይነፋል፣ ከዚያም ስቴንት የሚባል የብረት መረብ ያስቀምጣል። ታካሚው አብዛኛውን ጊዜ እንደነቃ ነው። ፊኛውን ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው የልብ ደም ሥር ላይ የተጠቀመው ዶክተር አንድሪያስ ግሩንትዚግ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1977 ዙሪክ ከተማ ውስጥ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ የዕለት ተዕለት ሕክምና ሆኗል።

መቸኮል ግድ የሚሆንበት ቦታ ድንገተኛው ሕመም ነው። ደረትን የሚጫን፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚዘልቅ፣ ከላብና ከትንፋሽ ማጠር ጋር የሚመጣ ሕመም ጠዋትን አይጠብቅም። ሴቶችና የስኳር ሕሙማን ላይ ደግሞ ያለ ደረት ሕመም በማቅለሽለሽና በድካም ብቻ ሊመጣ ይችላል። ታማሚው እንዲህ ያለ ሆስፒታል በደረሰ በ90 ደቂቃ ውስጥ ሥሩ እንዲከፈት ይመከራል። በአገራችን ይህን የሚሠሩ ማዕከላት ጥቂት ናቸው፣ አብዛኞቹም አዲስ አበባ ናቸው። ደሴ ላለ ሰው መንገዱ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ኢሲጂ ወደሚያነሳ ቅርብ ሆስፒታል መሮጥ ነው። የረጋ ደም የሚያሟሟ መድኃኒት እዚያ ካለ ቶሎ ሲሰጥ ሕይወት ያድናል።

መታገስ የሚቻልበት ቦታም አለ። ዳገት ሲወጣ ብቻ ደረቱን የሚያመው፣ ሲያርፍ የሚተወው፣ ለወራትም ያልተለወጠበት ሰው ሁኔታ ሌላ ነው። ከ5,000 በላይ ሕሙማን የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመው ኢስኬሚያ የተባለ ጥናት፣ በእንዲህ ያሉ ሰዎች ላይ ወደ ስቴንት ወይም ወደ ቀዶ ሕክምና መቸኮል በመድኃኒት ከመጀመር ይልቅ ሞትን እንዳልቀነሰ አሳይቷል። የደረት ሕመምን ግን ይበልጥ አስታግሷል። ዋናው የግራ ሥር የጠበበባቸውና ልባቸው በጣም የደከመ ሰዎች በዚህ አይካተቱም። እንግዲህ ቤት ከመሸጣችን፣ የእርዳታ አካውንት ከመክፈታችን በፊት እንጠይቅ። ስቴንቱ ሕይወት ለማዳን ነው ወይስ ሕመም ለማስታገስ? በመድኃኒት መጀመር ይቻላል? ባይፓስ ይሻላል? የኢስቲኻራና የሹራ ቦታው ይህ ነው።

«ቀደር ነው» የሚል ወንድም አይጠፋም። አዎ፣ ቀደር ነው። ዑመር (ረ.ዐ) ወደ ሻም ሲሄዱ ወረርሽኝ መኖሩን ሰምተው ተመለሱ። ከአላህ ቀደር መሸሽ ነው ወይ ተብለው ሲጠየቁ፣ ከአላህ ቀደር ወደ አላህ ቀደር እንደሚሸሹ መለሱ። ሕመሙ ቀደር ከሆነ አምቡላንሱም ካቴተሩም ቀደር ነው። ሰበቡን ማድረስ ከተወኩል ጋር አይጋጭም።

ስቴንት የገባለት ሰውም «ድኛለሁ» ብሎ መድኃኒቱን እንዳያቆም። ደም እንዳይረጋ የሚታዘዙትን በራሱ ፈቃድ ካቋረጠ ስቴንቱ በድንገት ሊዘጋ ይችላል። ረመዷን ሲቃረብ ሐኪሙን አማክሮ ሰዓቱን ያስተካክል። መጾም ይጎዳዋል ከተባለም አላህ ለበሽተኛ የሰጠው ሩኽሳ አለ።

እናንተ ወጣቶች በቤታችሁ ስልክ የያዛችሁ፣ መኪና የምትጠሩ፣ ከሐኪም ጋር የምትነጋገሩ ናችሁ። ኢሲጂ ያለው ቅርብ ሆስፒታል የትኛው እንደሆነ ዛሬውኑ አጣሩ። የወላጆቻችሁን ደም ግፊትና ስኳር አስለኩ። ሲጋራውን ተዉ። ጫቱንም እንደዚሁ፤ በየመን የተሠሩ ጥናቶች ከሀርት አታክ ጋር አያይዘውታል። ወላጅን መንከባከብ ከቢሩል ዋሊደይን ነው፤ ደረታቸውን ሲይዙ ፈጥኖ መነሳትም ከዚሁ ይቆጠራል።

አላህ ሕሙማኖቻችንን ያሽርልን፣ ወላጆቻችንን በዓፊያ ያቆይልን። አሚን።