አጭር መንገድም ዕቅድ ይፈልጋል



ለረጅም መንገድ የማይዘጋጅ ሰው የለም። ከአንበሳሜ ተነስቶ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ መንገደኛ ከሁለትና ከሦስት ቀን አስቀድሞ ስንቁን ያሰናዳል፣ ልብሱን ያጥባል፣ የሚያርፍበትን ቤት ያጣራል፣ ጎረቤቱን ይሰናበታል። ከአንበሳሜ ሐሙሲት ደርሶ ለመመለስ የሚነሳው ግን «ምን አላት! እዚሁ አይደለችም እንዴ?» ይልና የመኪናውን ቁልፍ ብቻ ይዞ ይወጣል። ሚስት ልጇን አዝላ፣ አማት ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ጎረቤትም «እግረ መንገዳችሁን አድርሱኝ» ብላ ተከታትለው ይገባሉ። ዕቅዱ ይኸው ነው። የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚህች ስለተናቀች አጭር ጉዞ ይሆናል።

አንበሳሜ የደራ ወረዳ ዋና ከተማ መሆኗ ይታወቃል። ሐሙሲትም በዚያው በደራ ወረዳ፣ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ስለዚህ ለገበያም ሆነ ለመንግሥት ሥራ፣ ለክርስትናም ሆነ ለለቅሶ፣ ልጅ ለማሳከምም ሆነ የታመመ ለመጠየቅ ከአንበሳሜ ወጥቶ ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ ወረታ ወይም ወደ ደብረ ታቦር የሚያልፍ ቤተሰብ በሐሙሲት በኩል ይወጣል። በዓመት አንድ ጊዜ ከምንሄደው ሩቅ አገር ይልቅ ደጋግመን የምንመላለስባት ይህች አጭር መንገድ ናት። ደጋግሞ መመላለስ ደግሞ መላመድን፣ መላመድም መዘናጋትን ያመጣል።

አደጋ የመንገድን እጥረት አይቶ አይምርም። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት እንደገለጸው፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ብቻ በዓለም ላይ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በመንገድ ትራፊክ አደጋ ሞተዋል። ከነዚህም ከመቶው 92ቱ የሞቱት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። ከ5 እስከ 29 ዓመት ዕድሜ ላላቸው ልጆችና ወጣቶች ደግሞ ከማናቸውም በሽታ ይልቅ ቀዳሚው ገዳይ ይኸው የመንገድ አደጋ ነው። ልጇን ከኩፍኝ ለማስከተብ በጤና ጣቢያ ተሰልፋ የምትውል እናት፣ ከዚህኛውም ገዳይ ልጇን ለመከላከል ከጉዞው በፊት አንድ ምሽት ብትመክር አይበዛባትም።

ታዲያ ምክሩ ከምን ይጀመር?

ከመመለሻው ይጀመር። ብዙዎቻችን የምናስበው የምንነሳበትን ሰዓት እንጂ የምንመለስበትን አይደለም። ጠዋት የወጣ ሰው ለጉዳዩ ሲል ይቆያል፤ ቡና ይፈላለታል፤ «ምሳ ሳትበሉማ አትሄዱም» ይባላል፤ አመሻሹ ላይ እየተጣደፈ ይነሳል። በዚያ ሰዓት ከብቱ ከግጦሽ ወደ ቤቱ ይገባል፣ ገበያተኛው አህያውን እየነዳ ይመለሳል፣ መብራት የሌለው ጋሪና ብስክሌትም መንገዱ ላይ ይሆናል፤ የሾፌሩ ዓይን ደግሞ በዚያች ሰዓት ይደክማል። በአገራችን ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከምሽቱ 12 ሰዓት ግድም ትጠልቃለች። እንግዲያው «በ10 ሰዓት እንነሳለን» ብሎ ማታውኑ መወሰን፣ ይህንኑም ለሚጠብቁን ዘመዶች አስቀድሞ መንገር ይገባል። ሰዓቱን ቀድሞ የሰማ አስተናጋጅ ምሳውን በጊዜ ያቀርባል እንጂ አይቀየምም።

ቀጥሎ የሚጠየቀው መንገዱ ክፍት መሆን አለመሆኑ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን በተፈጠረው የጸጥታ ችግር ሳቢያ መንገድ የተዘጋባቸውና ተሽከርካሪ ያልተንቀሳቀሰባቸው ቀናት እንደነበሩ የምናውቀው ነው። ስለሆነም ማታ አንድ ጊዜ፣ ጠዋት ከመነሳታችን በፊት ደግሞ ሌላ ጊዜ፣ በዚያው ቀን በመንገዱ ካለፈ ሰው፣ ከመናኸሪያ ወይም በሄድንበት ከተማ ካለ ዘመድ ማጣራት አስፈላጊ ነው። ትናንት የተሰማ ወሬ ለዛሬ አይሆንም። መልሱ ካላማረ ጉዞውን ማሳደር ፍርሃት ሳይሆን አስተዋይነት ነው። ጉዳዩ የማይታደር ሕመም ከሆነ ደግሞ በቅድሚያ በአቅራቢያ ካለው ጤና ጣቢያ ደርሶ ባለሙያ ማማከር ይበጃል።

የገበያ ቀንም ሊዘነጋ አይገባም። በአካባቢያችን ሐሙሲትና ዓርብ ገበያ የመሳሰሉት ከተሞች ስማቸው ራሱ ቀን ቆጥሮ ይነግረናል። በገበያ ቀን መንገዱን ሰውና እንስሳ ስለሚሞላው ሌላ ቀን የምንነዳውን ያህል መንዳት አይቻልም። ቀኑን መለወጥ ካልተቻለ ከግማሽ ሰዓት ያላነሰ ትርፍ ጊዜ ይዞ መነሳት ያሻል።

አሁን ወደ መቀመጫው እንምጣ። ማታውኑ መቀመጫውንና ተሳፋሪውን እንቁጠር። አምስት ሰው የሚይዝ መኪና አምስት ሰው ይጫናል፤ ሕፃንም ሰው ነው፤ ይቆጠራል። ጎረቤትን «ቦታ የለም» ማለት በባህላችን ይከብዳል። ነገር ግን ማታ በትሕትና ቢነገር ጎረቤት ሚኒባስ ይዛ ትመጣለች፤ ጠዋት በር ላይ ቆማ ስትጠብቅ ግን እምቢ የሚላት አይገኝም። ትርፍ ጭነትን የምናስቀረው ከዋዜማው ነው።

የሕፃኑ ቦታ ከሁሉ የሚበልጥ ጉዳይ ነው። ብዙ እናቶች ልጃቸውን በጉልበታቸው ይዘው ከፊት ይቀመጣሉ፤ «እኔ አጥብቄ ይዤዋለሁ» ይላሉ። የእናት ክንድ ፍቅር እንጂ ቀበቶ አይሆንም። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ተጋጭቶ በግማሽ ሜትር ውስጥ ቢቆም፣ 10 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን ወደፊት የሚወረወርበት ኃይል 200 ኪሎ ከሚሆን ሸክም ጋር ይተካከላል። ይህ ማለት ሁለት ኩንታል ጤፍ በድንገት ተወርውሮ በክንዳችን ለመያዝ መሞከር ነው። ስለዚህ ልጆች ከኋላ ይቀመጡ፤ ቀበቶ የሚደርስላቸው ይታሰሩ፤ የሕፃን መቀመጫ ለመግዛት ወይም ለመዋስ የሚችል ቤተሰብ ከሌላው ጌጥ ሁሉ ያስቀድመው። ልጅን ከእናቱ ጋር በአንድ ቀበቶ ማሰር አይገባም፤ በግጭት ጊዜ የእናትየው ክብደት ልጁን ይጫነዋል። በጀርባ አዝሎ መደገፍም እንዲሁ ነው። የሚያለቅስ ሕፃን ጡት ሲፈልግ መኪናውን ዳር አስይዞ ማጥባት እንጂ እየሄዱ ማጥባት አይመከርም። ነፍሰ ጡር የሆነች እህታችንም ቀበቶውን መተው የለባትም፤ የታችኛው ቀበቶ ከሆዷ በታች በዳሌዋ ላይ፣ የላይኛው በሁለቱ ጡቶቿ መካከል እንዲያልፍ ማድረግ ነው።

ስለ ስንቅ ካነሳን፣ ቆሎ ለመንገድ የታወቀ ምግብ ቢሆንም በሚንቀሳቀስ መኪና ውስጥ ከአምስት ዓመት በታች ላለ ሕፃን መስጠት ያንቀዋል። ዳቦ ወይም ሙዝ ይሻላል። የፈላ ውሃ በጀሪካንና ንጹሕ ጨርቅ ይያዝ። ቤንዚን ወይም ላምባ በጀሪካን ከሰው ጋር ማሳፈር ግን ፈጽሞ አይገባም። ዶሮውም፣ የጠላው ጀሪካንም፣ የእህሉ ከረጢትም ከኋላ ሣጥን ተጭነው በደንብ ይታሰሩ እንጂ በሰው እግርና በሾፌሩ መርገጫ አጠገብ አይቀመጡ።

ራሳቸው የሚነዱ እናቶች ቁጥር እየጨመረ መምጣቱ ደስ የሚያሰኝ ነው። እነርሱም የነጠላቸውን ጫፍ ሰብስበው፣ ረጅም ቀሚስ ከመርገጫው አርቀው፣ ተረከዙ ክፍት የሆነውን ጫማ አውልቀው እግር የሚይዝ ጫማ ቢያደርጉ መልካም ነው። ማንም ይንዳ ማን ግን ከመነሳቱ በፊት የጎማውን ነፋስ፣ ፍሬኑን፣ መብራቱን፣ ዘይቱንና ውሃውን፣ ስኮርታውንና ክሪኩን ይመልከት። ለዚህ ከአሥር ደቂቃ በላይ አያስፈልግም።

ስለ ፍጥነት ደግሞ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። የምንሄደው 20 ኪሎ ሜትር ነው እንበል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ብንሄድ 20 ደቂቃ ይፈጅብናል፤ በ80 ብንሄድ 15 ደቂቃ። የተገኘው ትርፍ አምስት ደቂቃ ብቻ ነው፤ አንድ ስኒ ቡና ለመጠጣት እንኳ አይበቃም። በ60 የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ ውስጥ 17 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ በ80 የሚሄደው ደግሞ 22 ሜትር። ሾፌሩ ወደ መንገድ የገባ ሕፃን አይቶ እግሩን ወደ ፍሬን እስኪያደርስ ድረስ ያለችው ያቺ አንዲት ሰከንድ ናት። ተንቀሳቃሽ ስልክ በጆሮው ለያዘ ሾፌር ደግሞ አንድ ሰከንድም አትበቃውም። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የተባለው ለእህል ነው፤ በመንገድ ላይ የፈሰሰው ግን አይለቀምም።

ክረምት ሲሆን ጥንቃቄው በእጥፍ ይጨምራል። ከጉና ተራራ የሚነሳው የጉማራ ወንዝ በሐሙሲትና በወረታ መካከል አውራ ጎዳናውን አቋርጦ ወደ ጣና ይፈሳል፤ በክረምትም እርሱና የርብ ወንዝ ሞልተው የፎገራን ሜዳ ሲያጥለቀልቁ ኖረዋል። በየመንደሩ መካከል ያሉት ትናንሽ ጅረቶችም ዝናብ በጣለ በአንድ ሰዓት ውስጥ ደራሽ ያመጣሉ። 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ፈጣን ውሃ ትንሽ መኪና ሊያንሳፍፍ ይችላል፤ 60 ሴንቲ ሜትር የደረሰው አብዛኛውን መኪና ይወስዳል። ውሃው ደፍርሶ ሥሩ ካልታየ ቆሞ መጠበቅ ነው፤ ደራሽ ፈጥኖ እንደሚመጣ ሁሉ ፈጥኖ ይጎድላል።

ጉዞው ሐሙሲት ላይ የማያበቃ፣ በወረታ በኩል ወደ ዞኑ ዋና ከተማ ወደ ደብረ ታቦር የሚቀጥል ከሆነ ዕቅዱም አብሮ ይረዝማል። ከወረታ እስከ ደብረ ታቦር ያለው መንገድ 42 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ በዓለም በር አድርጎ ከ800 ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣል። ለነዳጅ ሲታሰብ፣ መኪናችን በ100 ኪሎ ሜትር 10 ሊትር የሚፈጅ ቢሆን ለዚህ ክፍል ደርሶ መልስ 8 ሊትር ተኩል ያህል ይፈልጋል፤ ዳገቱም ስላለ 11 ሊትር መያዝ ይሻላል። የሚያቅለሸልሻቸው ልጆች ቀለል ያለ ቁርስ በልተው ፊታቸውን ወደፊት አድርገው ይቀመጡ። ሲመለሱ ቁልቁለቱን በፍሬን ብቻ መያዝ ፍሬኑን ስለሚያግለው፣ በዝቅተኛ ማርሽ ቀስ ብሎ መውረድ ያስፈልጋል። ከደጋው ወደ ታችኛው ሜዳ የሚወርድ ቤተሰብ ለልጆቹ ጋቢም ቀለል ያለ ልብስም ሊይዝ ይገባል።

እስካሁን የዘረዘርነው ሁሉ ግን አንድ ነገር ከጎደለው አይሠራም። እርሱም የባልና የሚስት፣ የሾፌርና የተሳፋሪ ስምምነት ነው። ብዙ እናቶች መኪናው ሲከንፍ እያዩ፣ ልባቸው እየተመታ ዝም ይላሉ። ባል እንዳይቆጣ፣ አማት እንዳይታዘቡ፣ ሾፌሩ እንዳይሰድብ ይሰጋሉ። «ሴት ልጅ መንገድ ላይ አትናገርም» የሚል የቆየ አስተሳሰብም አለ። ይህ መቅረት አለበት። መሪውን የያዘው አንድ ሰው ይሁን እንጂ በመኪናው ውስጥ ያለው ሕይወት የሁሉም ነው።

መፍትሔው በመንገድ ላይ መጨቃጨቅ ሳይሆን በቤት ውስጥ አስቀድሞ መስማማት ነው። ማታ ራት ከተበላ በኋላ፣ «ነገ ከመካከላችን አንዱ ቀስ በል ወይም እንቁም ካለ፣ ያለ ክርክር ይደረግ» ተብሎ ይወሰን። ይህ ቃል ከታሰረ ሚስት ስትናገር ባሏን አላዋረደችም፤ ባልም ሲቀንስ አልተሸነፈም፤ ሁለቱም የገቡትን ቃል ጠበቁ እንጂ። በኮንትራት የተያዘ ሚኒባስም ከሆነ ሒሳቡ በሚነጋገሩበት ሰዓት «ወንድሜ፣ ሕፃንና አሮጊት ይዘናል፤ በቀስታ ትነዳለህ፣ ትርፍ አትጭንም» ብሎ መዋዋል ይቻላል። ከዋጋው ጋር የተነገረ ቃል በመካከል ከሚጮህ ጩኸት ይልቅ ይሰማል።

ውድ እናቶች! ልጆቻችሁ ይህን ምክክር ይስሙት። ቀበቶውን ማን እንደሚያስር፣ ስንት ሰዓት እንደሚመለሱ፣ ለምን ቀስ ብሎ እንደሚነዳ ሲሰሙ ያደጉ ልጆች ነገ ራሳቸው መሪ ሲይዙ ሌላ አስተማሪ አይፈልጉም። በሚቀጥለው ጊዜ «ነገ ሐሙሲት ደርሰን እንምጣ» ሲባል፣ «እሺ፤ ስንት ሰዓት ነው የምንመለሰው?» ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ይከተላል።