የተቃጠለ ዘይት የገበሬውም ጉዳይ ነው

በሆሳዕናም ሆነ በዱራሜ፣ በሾኔም ሆነ በሺንሽቾ ስለ ነዳጅ ሲነሳ ወሬው ወይ ስለ ሰልፉ ነው ወይ ስለ ዋጋው። ስለ ብክለት የሚያነሳ ሰው ከተገኘም ጣቱን የሚቀስረው ከኢሱዙ ጭስ ማውጫ ወደሚወጣው ጥቁር ጭስ ነው። ጭሱ ለሁሉም ስለሚታይ አይፈረድበትም። በዚህ የግብርና ዓምድ ላነሳው የፈለግሁት ግን ከሞተር ሥር ተቀድቶ በየጋራዡ ደጃፍ ወደ ቦይ ስለሚደፋው የተቃጠለ ዘይት ነው። ከተሜው ደፍቶ ይረሳዋል፤ ክረምት ሲመጣ ጎርፉ ይዞት የሚወርደው ግን ወደ ገበሬው ማሳ ነው።

ነገሩን ለመረዳት ትንሽ ኬሚስትሪ ያስፈልጋል። ድፍድፍ ነዳጅ በአብዛኛው ካርቦንና ሃይድሮጂን የተዋሃዱባቸው ብዙ ዓይነት ነገሮች ድብልቅ ነው። ከእነዚህ መካከል አልኬን የሚባሉት፣ ካርቦኖች እንደ መቁጠሪያ ዶቃ ተያይዘው የሚሠሯቸው ሰንሰለቶች ናቸው። ባለ አንድ ካርቦኑ ሚቴን ነው፤ ከእበት በሚገኘው ባዮጋዝ ውስጥ ያለውም እርሱ ነው። ባለ 3ቱና ባለ 4ቱ በቡታጋዝ ሲሊንደር ይመጣሉ። ከ5 እስከ 12 ካርቦን ያላቸው በቤንዚን፣ ከ10 እስከ 16 ያላቸው በነጭ ጋዝ፣ እስከ 20 ገደማ የሚደርሱት በናፍጣ ውስጥ ይገኛሉ። ከዚያ በላይ የረዘሙት የሞተር ዘይት ይሆናሉ፤ ከሁሉም የከበደው ደግሞ አስፋልት የሚሠራበት ሬንጅ ነው።

የማጣሪያ ፋብሪካ ሥራ አረቄ ከማውጣት ብዙ አይለይም። ድፍድፉ 350 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያ በላይ ይሞቅና ወደ ረጅም ማማ ይገባል፤ ቀላሉ ተንኖ ወደ ላይ ይወጣል፣ ከባዱ ከታች ይቀራል። በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1967 ሥራ የጀመረው የአሰብ ማጣሪያ በ1997 ከተዘጋ ወዲህ አገራችን ተጣርቶ ያለቀለትን ነዳጅ ነው የምታስገባው፤ ቦቴዎቹም ከጅቡቲ ይመጣሉ። ስለዚህ እኛ ዘንድ የሚያሰጋው የማጣሪያ ፋብሪካ ፍሳሽ ሳይሆን ከየጋራዡና ከየላቫጆው የሚወጣው ነው።

የሰንሰለቱ ርዝመት ለገበሬው ምን ያደርግለታል? ቤንዚን መሬት ላይ ቢፈስ አብዛኛው ተንኖ ይሄዳል። የሞተር ዘይት ግን አይተንም፣ በውኃም አይሟሟም። አፈሩ ላይ ተለጥፎ ለዓመታት ይቀመጣል። ሞተር ውስጥ ከቆየ በኋላ ደግሞ እንደ አዲሱ ዘይት አይደለም፤ ከብረቱ መፋቅ የመጡ ከባድ ብረቶችንና ከቃጠሎው የተፈጠሩ ኬሚካሎችን ይሸከማል። ከእነዚህ ኬሚካሎች መካከል ካንሰር አምጪነታቸው የተረጋገጠ አሉ። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ተቋም ከአንድ ሞተር የተቀየረ ዘይት አንድ ሚሊዮን ጋሎን ንጹሕ ውኃ ሊያበላሽ እንደሚችል ለሕዝቡ ሲያስጠነቅቅ ኖሯል። በየመንገዱ ስንት ባጃጅና ስንት ኢሱዙ እንዳለ አንባቢ ያውቃል።

ዘይት የገባበት አፈር መጀመሪያ ውኃ መጠጣት ያቆማል፤ ዝናቡ ከላይ ይንሸራተትና ሥሩ ይጠማል። ሁለተኛው ጉዳት የተደበቀ ነው። አፈር ውስጥ አልኬን የሚበሉ ባክቴሪያዎች አሉ። ዘይት ሲያገኙ ይራባሉ፤ ዘይቱ ግን ካርቦን እንጂ ናይትሮጂን የለውም። ስለዚህ የጎደላቸውን ናይትሮጂን ከሰብሉ ጋር ይሻማሉ። ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን ገበሬው ማዳበሪያ ያነሰው ይመስለውና በስንት ውጣ ውረድ ያገኘውን ዩሪያ ይጨምርበታል። የሀዲያና የከምባታ ገበሬ መሬቱ ጠባብ ነው፤ እንሰቱም አንዴ ከተተከለ ለመድረስ ዓመታት ይፈጃል። እዚህ ተበላሸ ተብሎ ወደ ሌላ ማሳ አይዞርም።

ጎርፉም ሩቅ ይሄዳል። የአካባቢያችን ደጋ ውኃ ከፊሉ በብላቴ በኩል ወደ አባያ ሐይቅ፣ ከፊሉ ወደ ጊቤና ኦሞ ይወርዳል። በመንገዱ ላይ ከብት ይጠጣዋል፣ ጎመንና ቀይ ሥር ይጠጣበታል።

ዘይቱ በጎርፍ ብቻ ሳይሆን በእጃችንም ወደ ገጠር ይገባል። የአጥር እንጨት ምስጥ እንዳይበላው ይቀባል፤ ለከብት እከክና መዥገር የሚቀቡትም አሉ። የገበሬውን ችግር አልክድም፤ ምስጥ አጥር ያወድማል፣ የእንስሳት መድኃኒትም ብር ይጠይቃል። ነገር ግን ላም የተቀባችውን ትልሳለች፤ የምንጠጣው ደግሞ ወተቷን ነው። ለአጥሩ ከሆነ መሬት የሚገባውን የእንጨቱን ጫፍ በእሳት ለብለቦ መትከል፣ ከተገኘም ጽድ ወይም ወይራ መምረጥ ይቻላል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ጄሪካኑ ነው። የሞተር ዘይት ወይም ናፍጣ የነበረበት ጄሪካን በሳሙናና በአመድ ታጥቦ ለውኃ፣ ለወተት፣ ለምግብ ዘይት ይውላል። ሽታው አለመልቀቁን እናቶች ያውቁታል። ምክንያቱም ጄሪካኑ የተሠራበት ፕላስቲክ ራሱ እጅግ ረጅም ከሆኑ የካርቦን ሰንሰለቶች የተሠራ የአልኬን ዘመድ ነው። ዘመድ ዘመዱን ስለሚስብ ነዳጁ ወደ ፕላስቲኩ ውስጥ ዘልቆ ይገባል፤ በውኃ እጥበት አይወጣም። ቅባት ያለው ወተት ወይም ዘይት ሲገባበት ግን ቀስ እያለ ይለቀዋል። እንዲህ ያለ ጄሪካን ለምግብ መዋል የለበትም፤ ገበያ ላይም ለይቶ መሸጥ ያስፈልጋል።

የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ከወጣ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። አዋጅ አላነሰንም፤ ያነሰን በርሜል ነው ብል ማጋነን አይሆንም። የጭስ ቁጥጥር መሣሪያ ይፈልጋል፣ ተሽከርካሪውም ይንቀሳቀሳል። የተቃጠለ ዘይት ግን የሚቀዳው በታወቁ ጥቂት ቦታዎች ነው። የከተማ አስተዳደሮች ለጋራዥና ለላቫጆ ፈቃድ ሲሰጡና ሲያድሱ፣ በጣሪያ ሥር በሲሚንቶ ወለል ላይ የተቀመጠ በርሜልና የፈሰሰውን የሚመጥ ሰጋቱራ መኖሩን ቢጠይቁ ብዙ ወጪ የለውም። የሚከብደው የሞላውን በርሜል ወስዶ ማስወገድ ነው። ይህን ተደራጅተው የሚሠሩ የጋራዥ ወጣቶች ላይ ብቻ መጫን ልክ አይመስለኝም፤ አስተዳደሩ አንድ መሰብሰቢያ ቦታ ማዘጋጀት አለበት። በሌሎች አገሮች የተቃጠለ ዘይት ዳግም ተጣርቶ ለሞተር ይውላል፤ በሲሚንቶ ፋብሪካ እቶን ከፍተኛ ሙቀትም ይነድዳል። ወና እስኪገኝለት ድረስ በርሜል ውስጥ መቆየቱ ቦይ ውስጥ ከመፍሰሱ ይሻላል።

ማሳው አስቀድሞ የተነካበት ገበሬስ? በዘይት የጠቆረውንና ያገረውን አፈር በአካፋ አንስቶ ከውኃ መውረጃ፣ ከጓሮና ከከብት ርቆ ማስቀመጥ፣ በብዛት የበሰበሰ ፍግ መቀላቀል፣ አየር እንዲያገኝ በየጊዜው ማገላበጥ፣ ሲደርቅም ውኃ ማርከፍከፍ ይቻላል። ፍጉ ለባክቴሪያዎቹ የጎደላቸውን ናይትሮጂን ስለሚሰጥ ዘይቱን ቶሎ ይጨርሱታል። ከባድ ብረቶቹን ግን ባክቴሪያ አይበላቸውምና፣ ያ አፈር ለጎመንም ለእንሰትም ባይመለስ ይመረጣል።