የጎልፍ ሣር ያገኘውን ቦይ የአዋሽ እርሻ ለምን አጣ?

ዱባይ ያለው ኤምሬትስ ጎልፍ ክለብ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው። በረሃ ላይ ሣር ማብቀል ያኔ እብደት ይመስል ነበር። ዛሬ በባሕረ ሰላጤው አገሮች እንዲህ ያሉ ሜዳዎች ብዙ ናቸው። ዓመቱን ሙሉ የሚኖሩት በመስኖ ሲሆን፣ በብዙዎቹ የሚረጨው ተጣርቶ የተመለሰ የከተማ ፍሳሽ ነው፤ ጨው አለው።

የሜዳው ተንከባካቢ ታዲያ ምን ያደርጋል? ፓስፓለምን የመሰለ ጨው የሚችል ሣር ይመርጣል። ይህ ብቻውን ግን አያድነውም። የአፈሩን ጨው በመሣሪያ ይለካል፤ ከፍ ሲል ሣሩ ከሚፈልገው በላይ ውሃ ለቆ ጨዉን ከሥሩ በታች ያጥበዋል። የታጠበው ውሃ የሚወጣበት ቱቦ ደግሞ ቀድሞ ተቀብሯል። መውጫ ከሌለ ጨዋማው ውሃ እታች ይጠራቀምና ፀሐይ መልሳ ወደ ላይ ትስበዋለች።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለጨዋታ ነው። ጉዳዩ እንጀራ በሆነበት በመካከለኛው አዋሽ ታሪኩ ሌላ ነው።

አሚባራና መልካ ሰዲ ላይ ሰፋፊ የመስኖ እርሻዎች የተዘረጉት የአፋር አርብቶ አደር በበጋ ከብቱን ያሰማራበት በነበረው የወንዝ ዳር ግጦሽ ላይ ነው። ለጥጡ ውሃ ያለ ስስት ተለቀቀ። የከርሰ ምድር ውሃ ከፍ እያለ መጣ፣ ጨዉም አብሮት ወጣ። ባለሙያዎች ድሬኔጅ የሚሉት የማንጣፈፊያ መስመር ከመሬት በታች ተዘርግቶ ነበር፤ በቂ ጥገና ግን አላገኘም። ነጭ ቅርፊት የለበሰው መሬት ተትቶ ፕሮሶፒስ ወረሰው። አርብቶ አደሩ ግጦሹም ቀረበት፣ እርሻውንም አላየ።

ሒሳቡ ከባድ አይደለም። ንጹሕ የሚባል የወንዝ ውሃ እንኳ ጥቂት ጨው አያጣም። በሊትር ግማሽ ግራም ብቻ ይኑረው እንበል። አንድ ሄክታር በዓመት 10,000 ሜትር ኩብ ውሃ ቢጠጣ 5 ቶን፣ ማለትም 50 ኩንታል ጨው ገባበት ማለት ነው። ጥሩ የመስኖ ማሳ የሚሰጠውን ስንዴ ያህል! ውሃውን ሰብሉ ይጠጣዋል፣ ፀሐይም ታተነዋለች፤ ጨዉን ግን የሚወስደው የለም። መተሐራ አጠገብ ያለው የበሰቃ ሐይቅ ደግሞ ከ3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ተነሥቶ ከ40 በላይ ሆኗል፤ ጨዋማ ውሃው ወደ አዋሽ ሲለቀቅ የታችኛው ተፋሰስ ገበሬ ይቀበለዋል።

አሁን በቆላው የበጋ መስኖ ስንዴ እየተስፋፋ ነው። ስንዴውን መጥላት አይገባም፤ አገር ከውጭ ከምትገዛ ብታመርት ይሻላል። ችግሩ ሪፖርቱ የሚቆጥረው የታረሰውን ሄክታርና የተሰበሰበውን ኩንታል ብቻ መሆኑ ነው። ጥያቄ ሲነሣ «ጨው የሚቋቋም ዝርያ አለን» የሚል መልስ ይመጣል። ዝርያው ጊዜ ይገዛል እንጂ ጨዉን ከአፈሩ አያወጣም። የጎልፍ ሣር ተንከባካቢው ይህን ስለሚያውቅ ነው ፓስፓለም ተክሎም ቱቦ የሚቀብረው።

ማንጣፈፊያ ውድ ነው የሚለው ክርክር እውነትነት አለው። ታጥቦ የሚወጣው ጨውም ዝም ብሎ ወደ ወንዙ ከተመለሰ ችግሩ ወደ ዱብቲና አሳይታ ይሄዳል፤ ስለዚህ መድረሻው አብሮ መታሰብ አለበት። ብዙ ገንዘብ የማይጠይቀው ሥራ ግን ከዛሬ ሊጀመር ይችላል፦ ማሳውን ማስተካከል፣ ውሃን በልክ መስጠት፣ የተደፈኑ ቦዮችን መጥረግ፣ የከርሰ ምድር ውሃው ስንት ሜትር ላይ እንዳለ በየወሩ መለካት። የወረር ግብርና ምርምር ማዕከል እዚያው አሚባራ ነው፤ ስለ ጨዋማ አፈር ለዓመታት ሲያጠና ቆይቷል።

ለሚቀጥለው የበጋ ስንዴ ሪፖርት ከሄክታሩና ከኩንታሉ ጎን አንድ አምድ ይጨመርበት፦ የአፈሩ ጨው ዘንድሮ ስንት ሆነ፣ አምናስ ስንት ነበር?