ከእርሾ እንጀምር

ስለ ባክቴሪያ ስናስተምር ሁልጊዜ ከበሽታ እንጀምራለን። ተቅማጥ፣ ታይፎይድ፣ ኮሌራ እያልን ሕፃናቱን ካስፈራራን በኋላ ደወል ይደወላል፤ ትምህርቱም በዚያው ያልቃል። በእኔ አስተያየት ይሄ ግማሽ ትምህርት ነው። ጉዳቱም ከክፍል ውጭ ይታያል።

በ2016 ዓ.ም. ኅዳር ወር ለማስተማር ልምምድ ቡና አብቃይ ወደ ሆነ አንድ ወረዳ ሄጄ ነበር። ልጆቹ ጧት ጧት ያረፍዳሉ። ምክንያቱን ብጠይቅ፣ «ጋሼ፣ ወንዙ ሸቷል፤ ውኃ የምንቀዳው ከሩቅ ምንጭ ነው» አሉኝ። ለካ ከወንዙ ላይ በኩል የእሸት ቡና ማጠቢያ ጣቢያ አለ።

እሸት ቡና ተፈልፍሎ ሲታጠብ፣ ፍሬውን የሸፈነው የሚያሟልጭ ልጋግ ከነስኳሩ በውኃው ይሄዳል። የወንዙ ባክቴሪያዎች ድግስ እንዳገኘ ሰው እየበሉ ይራባሉ፤ የውኃውንም ኦክስጅን ይጨርሱታል። እስቲ ሒሳቡን እንመልከት። አንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት የሚይዘው ኦክስጅን 9 ሚሊግራም ገደማ ነው። አንድ ሊትር የቡና እጣቢ ግን ቆሻሻው እስኪበላ ድረስ በሺህ የሚቆጠር ሚሊግራም ኦክስጅን ይፈልጋል። እንግዲህ አንዱ ሊትር የመቶዎቹን ሊትር ትንፋሽ ይወስዳል ማለት ነው። ያውም አጠባው የሚበዛው ክረምቱ አልፎ ወንዙ በሚጎድልበት ወቅት ነው!

ታዲያ ጥፋተኛው ባክቴሪያው ነው እንዴ? አይደለም። ጥፋቱ የእኛ ነው፤ ሥራውን ያለ ቦታው አሠራነው። እጣቢው ወንዝ ሳይገባ ኮምጣጣነቱ በኖራ ቢለዝብ፣ መጀመሪያ አየር በማይገባው ጥልቅ ኩሬ፣ ቀጥሎ አየር በሚያገኝ ጥልቀት በሌለው ኩሬ፣ በመጨረሻም ሣርና ደንገል በበቀለበት ረግረግ ቀስ ብሎ ቢያልፍ፣ እነዚያው ባክቴሪያዎች አብዛኛውን ቆሻሻ እዚያው ይበሉታል። ጥልቁ ኩሬ ቢከደን ደግሞ ለማገዶ የሚሆን ጋዝ ይገኝበታል።

«ይሄ የፈረንጅ ጥበብ ነው፤ ለእኛ አይሆንም» የሚል አይጠፋም። በ1914 እ.ኤ.አ. አርደርንና ሎኬት የተባሉ እንግሊዞች በማንችስተር ያሳዩት ዘዴ ምን ነበር? ፍሳሹን አየር እየነፉ ካከሙት በኋላ የዘቀጠውን ጭቃ አልደፉትም፤ ለሚቀጥለው ፍሳሽ አስቀሩት። ባክቴሪያው ያለው ጭቃው ውስጥ ነውና ሥራው እየፈጠነ ሄደ። እናቶቻችንስ ከሊጡ እርሾ የሚያስቀሩት ለምንድነው? ነገሩ ያው ነው!

አንዳንድ ቦታ ጉድጓድ ብቻ ተቆፍሮ «ይኸው አከምነው» ይባላል። ጉድጓዱ ሞልቶ ወንዝ ከገባ፣ ወይም ሰርጎ ምንጩን ካበላሸ ምኑን ታከመ? የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ወጥቷል። አዋጅ ግን ነገሩ የገባው ሰው ካልጠየቀበት ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

ያንን ጠያቂ የምናፈራው እኛ ዕጩ መምህራን ነን። ስለዚህ ስለ ባክቴሪያ ስናስተምር ከእርሾ እንጀምር፤ ከዚያም ልጆቹን ይዘን ወንዝ ዳር እንውረድ። ዛሬ ውኃ ፍለጋ ሲሄድ የሚያረፍደው ልጅ ነገ የማጠቢያ ጣቢያ ኃላፊ ሲሆን፣ መጀመሪያ «ኩሬው የታለ?» ብሎ ይጠይቅ።

የእናንተስ አስተያየት? ጽፋችሁ እዚሁ ሰሌዳ ላይ ለጥፉ፤ እንወያይበት!

ከአንድ የሳይንስ ዕጩ መምህር