ለስድስት ሳምንት የሚከፈት ማጀት

«ሼር አወር ስትሬንግዝ» የተባለው የአሜሪካ በጎ አድራጎት ድርጅት መነሻው የእኛው ረሃብ ነው። ቢል ሾር እና እህቱ ዴቢ ዋሽንግተን ላይ ያቋቋሙት እ.ኤ.አ. በ1984፣ እኛ «ሰባ ሰባት» እያልን የምናነሳው ክፉ ዘመን ሲገባ ነበር። ኋላ ትኩረቱ ወደ አሜሪካ ልጆች ዞረ። በ1993 ደግሞ ሼፎችና የሥነ ምግብ ባለሙያዎች ያለ ክፍያ እየመጡ፣ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸውን ቤተሰቦች ምግብ መምረጥና ማብሰል የሚያስተምሩበት መርሐ ግብር ተጀመረ፤ በኋላ «ኩኪንግ ማተርስ» ተባለ። የታወቀው ኮርሱ በሳምንት አንድ ቀን ለስድስት ሳምንት የሚሰጥ ሲሆን፣ ለወላጆችም ለወጣቶችም ለሕፃናትም እየተለየ ተዘጋጅቷል።

ልጅ ጎመን ማጠብና ካሮት መክተፍ ቢማር ምን ይጎዳል? ጥያቄው እንዲህ ከቀረበ ተቃዋሚ አይገኝለትም። ቀረብ ብሎ ላየው ግን የሚደግፉትም የሚጠራጠሩትም ሊናቅ የማይገባው ምክንያት አላቸው።

ደጋፊዎቹ የሚነሱት ከቤት ነው። ሙያ ድሮ የሚተላለፈው ልጅ ከእናቱ ወይም ከአያቱ አጠገብ ቆሞ በማየት ነበር። ዋሽንግተን ዙሪያ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ የምትኖር፣ ሌሊት ሆስፒታል ሠርታ ጠዋት የምትተኛ እናት ይህን ጊዜ ከየት ታምጣ? አያት በአብዛኛው አገር ቤት ናት። ስለዚህ በሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት ወይም አዳራሽ ጎረቤት ሰብሰብ ብሎ ቢያስተምርላት የሚያቃልላት ነገር አለ። ጥናቶችም ባመዛኙ ይህን ወገን ይደግፋሉ፤ በማብሰሉ የተሳተፉ ልጆች ስለ ምግብ ያላቸው እውቀት ይጨምራል፣ በራሳቸው ይተማመናሉ፣ አዲስ አትክልት ለመቅመስም ይደፍራሉ። ሌላም ጥቅም አለ፤ ቤቱ «ወንድ ልጅ ማጀት ምን ይሠራል» የሚል ከሆነ፣ ልጁ ቢላዋ የሚይዝበት የመጀመሪያው ቦታ ይኸው ክፍል ሊሆን ይችላል።

የሚጠራጠሩት ደግሞ «ከዚያስ?» ይላሉ። የልጆች አመጋገብ ከዓመት በኋላም ተለውጦ ይቆያል ወይ፣ ጤናቸውስ ይሻሻላል ወይ በሚለው ላይ ያለው ማስረጃ የመጀመሪያውን ያህል ጠንካራ አይደለም። ሒሳቡም ያስቸግራል። አንድ ልጅ አዲስ ምግብ እስኪለምድ ከ8 እስከ 15 ጊዜ መቅመስ ሊያስፈልገው እንደሚችል የሕፃናት አመጋገብ ባለሙያዎች ይናገራሉ። በስድስት ሳምንት ስድስት ጊዜ ብቻ የሚገናኝ ክፍል፣ ሁልጊዜ ያንኑ ምግብ ቢያቀርብ እንኳ እዚያ አይደርስም። የቀረውን መሸፈን ያለበት ያው ጊዜ የለውም የተባለው ቤት ነው።

ከጊዜው ይልቅ የሚከነክናቸው ግን ገንዘቡ ነው። ከአናኮስቲያ ወንዝ በስተምሥራቅ ባሉት የዋሽንግተን ሰፈሮች ሙሉ ዕቃ የያዘ ሱፐርማርኬት እጅግ ጥቂት ነው። እዚያ ላለ ቤተሰብ ስለ ትኩስ አትክልት ጥቅም መንገር፣ ችግሩን ከኪስና ከሱቅ አንስቶ በእናትየዋ እውቀት ላይ መጫን ይመስላቸዋል። ቅሬታው ከባድ ነው፤ ሙሉ በሙሉ ግን አያሳምነኝም። «ኩኪንግ ማተርስ» ከሚታወቅባቸው ነገሮች አንዱ፣ ተሳታፊዎችን ሱቅ ውስጥ እያዞሩ በ10 ዶላር ለአራት ሰው የሚበቃ ምግብ እንዲገዙ ማለማመዱ ነው። እንዲህ የሚያስተምር ሰው ድህነትን ረስቷል አይባልም። እርግጥ ዋጋው በዚህ ከቀጠለ ልምምዱ ራሱ መከለሱ አይቀርም።

የክብር ጥያቄም አለ። ሼፏ አሊስ ዋተርስ በ1995 በርክሌይ፣ ካሊፎርኒያ፣ በአንድ መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት «ኤዲብል ስኩልያርድ» የተባለውን የአትክልት ቦታና ማጀት ስታስጀምር ብዙ አድናቆት አገኘች። በ2010 ግን ጸሐፊዋ ኬትሊን ፍላናጋን «ዘ አትላንቲክ» መጽሔት ላይ ጠንካራ ትችት አወጣች፤ በእርሻ ጉልበት ሥራ የደከመ ስደተኛ ልጁን ትምህርት ቤት የላከው ሰላጣ እንዲለቅም ነው ወይ የሚል መንፈስ ነበረው። ትችቱ የተጋነነ ነው ያሉ ብዙ ናቸው። ቢሆንም ስሜቱ ለእኛ ወላጆች እንግዳ አይደለም። «እኔ የደከምኩት አንተ እንድትማርልኝ ነው» የሚል አባት፣ ቅዳሜ የሒሳብ ማጠናከሪያ እያለ ልጁ ሽንኩርት ሲከትፍ ቢያይ ቅር ሊለው ይችላል። በሌላ በኩል ሽንኩርት መክተፍን እንደ ዝቅተኛ ሥራ የምናይበት ልማዳችን ራሱ ቢፈተሽ አይከፋም።

ምን ይበሰል የሚለው ምናልባት ከሁሉ ይከብዳል። የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት በ2011 ያወጣው የሳህን ሥዕል ከጎኑ የወተት ተዋጽኦ አለበት። ረቡዕና ዓርብን ለሚጾም ቤት ሥዕሉ እንዳለ አይሠራም፤ ለሙስሊም ቤተሰብም የሥጋውን አራጅ ማንነት አይነግርም። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመንና የጤፍ እንጀራ ያለው የጾም ገበታ ደግሞ ባለሙያዎቹ ከሚመክሩት ብዙም አይርቅም፤ ጤፍ ከነቅርፊቱ የሚፈጭ እህል ነውና። ልጁ ግን በጎ ፈቃደኛው ስለ እንጀራ ምንም ሳይል ሲቀር፣ ጤናማ ምግብ ማለት የሌሎች ምግብ ነው ብሎ ሊወጣ ይችላል። ለእኛ ብቻም አላደላም፤ ወጡ ላይ የሚንሳፈፈው ዘይትና እንደ ዘበት የሚጨመረው ጨው ሊነገረን ይገባል። አገር ቤትም ይኸው ጉዳይ ታስቦበት፣ በ2014 ዓ.ም. በራሳችን እህሎች ላይ የተመሠረተ የአመጋገብ መመሪያ ወጥቷል። የዲያስፖራው ክፍል የሚጀምረው ከዚያ ቢሆን የሚከለክለው የለም።

ስለ ቢላዋ፣ ስለ እሳትና ስለ ኦቾሎኒ አለርጂ ብዙ መከራከር አያሻም፤ ጥንቃቄው ግዴታ ነው። ልጆችን የሚያስተምር ሰው የኋላ ታሪኩ መጣራቱም እንዲሁ።

እኔ ወደ መሐል የምጠጋው በሁለት ምክንያት ነው። ክፍሉ ልጁን ከምግቡ ጋር ያስተዋውቃል፤ ይህ እንደ ትንሽ ነገር አይታይም። መደጋገሙ ግን የቤት ነው። ስለዚህ የምግቡ ዓይነት ቢቀነስ፣ ስድስቱን ሳምንት በሦስት ወይም በአራት ምግብ መመላለስ ቢቻል፣ ልጁም የሠራውን ይዞ ቢገባ ይሻላል እላለሁ። እናቶችም ተመካሪ ሆነው ከሚቀመጡ አብረው ያስተምሩ፤ ባለሙያዋ ዘይቱንና ጨውን ትለካ፣ እናት ሽሮውን ታማስል። ክፍሉ ለቤተሰቡ የምግብ ድጎማም ሆነ ለትምህርት ቤት ምሳ ምትክ ተደርጎ እንዳይቆጠር መጠንቀቅም ያስፈልጋል።

ክፍያው ላይ ግን መስማማት ገና ይቀራል። ክፍሉን ለምታስተባብረው ሴት ደመወዝ ከተቆረጠላት የበጎ ፈቃዱ መንፈስ ይጠፋል የሚሉ አሉ፤ ካልተከፈላት በሁለተኛው ዓመት አናገኛትም የሚሉም አሉ። ለእሷ መጠነኛ ክፍያ አድርጎ ሼፉንና እናቶቹን በፈቃዳቸው መተው ለጊዜው የሚያስኬድ ይመስለኛል፤ የእናቶቹ ግን ቢያንስ የትራንስፖርት ወጪያቸው ይሸፈን።