አህያውን ፈርቶ ዳውላውን

የናይጄል ፋራጅ ፓርቲ ሪፎርም ዩኬ በ2024 ምርጫ ከአራት ሚሊዮን በላይ ድምፅ አግኝቶ ፓርላማ የገባው በአምስት ወንበር ብቻ ነበር (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከመቶ መራጭ አሥራ አራቱ መርጠውት ከ650 ወንበር አምስት! የብሪታንያ የምርጫ ሥርዓት ለትናንሽ ፓርቲዎች አይራራም። ዓመት ሳይሞላ ግን፣ በግንቦት 2025 የአካባቢ ምርጫ፣ ከ670 በላይ የምክር ቤት መቀመጫዎችን ወሰደ፤ አሥር ምክር ቤቶችንም ተቆጣጠረ። ይህን ሁሉ ያመጣለት የስደተኛ ጥላቻ ብቻ ነው የሚል ሰው ነገሩን በግማሽ ነው ያየው። ለንደንና በርሚንግሃም ያሉ ብዙ ወገኖቻችንም ፓርቲው በስደተኞች ላይ በያዘው አቋም ስለሚናደዱ ሌላውን ፖሊሲውን ገልጠው አያዩትም። መታየት አለበት፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ቤት በሚከፍለው የመብራትና የጋዝ ሂሳብ ላይ የተገነባ ነው።

ፖሊሲው አጭር ነው፤ ጉልበቱም ከማጠሩ ይመጣል። ብሪታንያ በ2008 የአየር ንብረት ለውጥ ሕግ አወጣች። በ2019 ጠቅላይ ሚኒስትር ቴሬሳ ሜይ ከሥልጣን ሊወርዱ ሲሉ ግቡን አጠበቁት፤ አገሪቱ በ2050 ወደ አየር የምትለቀው በካይ ጋዝ ከምታስወግደው እንዳይበልጥ ተወሰነ። «ኔት ዜሮ» የሚሉት ይህን ነው። ሪፎርም «ይሰረዝ» ይላል። በሰሜን ባህር አዲስ የነዳጅና የጋዝ ፈቃድ ይሰጥ፣ አለት በውሃ ግፊት እየተሰነጠቀ ጋዝ ይውጣ፣ የነፋስና የፀሐይ ኃይል አምራቾች ግብር ይጣልባቸው ይላል። በ2024 የምርጫ ሰነዱ ኔት ዜሮን መሰረዝ በዓመት 30 ቢሊዮን ፓውንድ ያተርፋል ብሎ ጽፏል። ከዚያ ገንዘብ ብዙው ግን መንግሥት ካዝና ውስጥ የተቀመጠ አይደለም፤ የግል ኩባንያዎች ፋብሪካና መስመር ለመሥራት ያወጡታል ተብሎ የተገመተ ነው። ያልያዙትን ገንዘብ መቆጠብ አይቻልም።

ዋናው ስህተት ግን ሌላ ነው። ሂሳቡን ያናረው ማን እንደሆነ ለማወቅ የኃይል ተቆጣጣሪው የሚያወጣውን የዋጋ ጣሪያ መመልከት ይበቃል። በጥቅምት 2021 አማካይ ቤተሰብ በዓመት የሚከፍለው ጣሪያ 1,277 ፓውንድ ነበር። በሚያዝያ 2022 ወደ 1,971 ወጣ። በጥር 2023 ደግሞ 4,279 ደረሰ፤ ሰው ያንን ያልከፈለው መንግሥት በግምጃ ቤት ገንዘብ 2,500 ላይ ስላቆመለት ነው። በእነዚያ አሥራ አምስት ወራት የነፋስ ተርባይን ድጎማ ሦስት እጥፍ አልሆነም። ሰማይ የነካው ጋዝ ነው። መጀመሪያ ከኮቪድ በኋላ በተነሣው ፍላጎት፣ ቀጥሎ ሩሲያ ዩክሬንን ወርራ ለአውሮፓ የምትልከውን ስትዘጋ። ብሪታንያ ውስጥ አብዛኛው ቤት የሚሞቀው በጋዝ ነው። መብራቱም ቢሆን ከጋዝ አያመልጥም፤ በጅምላ ገበያው በየግማሽ ሰዓቱ ለሁሉም ዋጋ የሚቆርጠው በመጨረሻ የተጠራው፣ ማለትም ውዱ ማመንጫ ነው፤ እሱ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የጋዝ ጣቢያ ነው። ነፋሱ በነፃ ቢነፍስም ገበያው የሚከፍለው በጋዝ ዋጋ ነው።

የሚገርመው፣ ያን ክፉ ጊዜ አዲሱን የዋጋ ውል የፈረሙ የነፋስ ኃይል ጣቢያዎች ገንዘብ መላሾች ሆነው ነበር። ውሉ ቋሚ ዋጋ ይቆርጣል፤ ገበያው ከዚያ ቢወርድ ሸማቹ ልዩነቱን ይሞላል፣ ቢወጣ ጣቢያው ትርፉን ይመልሳል። ጋዝ ሲንር ገንዘቡ ወደ ሸማቹ ፈሰሰ። ሪፎርም ይህን ትቶ ተርባይኑን ይከሳል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው።

«ታዲያ የራሳችንን ጋዝ እናውጣ» ይላሉ። የሰሜን ባህር ምርት ጣሪያ የነካው ከሩብ ምዕተ ዓመት በፊት ነው፤ ከዚያ ወዲህ እየቀነሰ ነው። የቀረውን የሚያወጡት የግል ኩባንያዎች ናቸው፤ የሚሸጡትም ገበያው በሚሰጠው ዋጋ እንጂ ለእንግሊዝ ልጅ በቅናሽ አይደለም። አለት መሰንጠቁ ደግሞ ተሞክሯል። ላንካሻየር ውስጥ ፕሬስተን ኒው ሮድ በሚባለው ስፍራ በነሐሴ 2019 መሬቱ በ2.9 መጠን ተንቀጠቀጠ፤ ከሁለት ወር ጥቂት በኋላ ሥራው በመላ እንግሊዝ ታገደ። ጠቅላይ ሚኒስትር ሊዝ ትረስ በ2022 እገዳውን አነሣች። ከወር በኋላ በዚሁ ጉዳይ ፓርላማ ውስጥ የተካሄደው ድምፅ አሰጣጥ ወደ ግርግር ተለወጠ፤ በማግሥቱም ሥልጣን እንደምትለቅ አስታወቀች። (ትረስን የጣላት ይህ ብቻ አይደለም፤ የመጨረሻው ምሽት ግን የእሱ ነበር።) ላንካሻየር ዛሬ የሪፎርም ምክር ቤት ነው። ፓርቲው ጉድጓዱን እዚያው ለመራጮቹ ቢቆፍርላቸው ምን እንደሚሉት ማየት ነው።

ይህ ሁሉ እያለ የፓርቲው ድጋፍ ለምን አደገ? እዚህ ላይ ሪፎርምን ብቻ መውቀስ ግብዝነት ይሆናል። ፓርቲው የያዘው መልስ የተሳሳተ ነው፤ ጥያቄው ግን ትክክለኛ ነው። መብራት ውድ የሆነው በጋዝ ብቻ አይደለም፤ ለአሮጌዎቹ የነፋስና የፀሐይ ጣቢያዎች የሚከፈለው ድጎማ ለዓመታት በመብራት ሂሳብ ላይ ተጭኖ ኖሯል። በአሮጌው ድጎማ ያሉት ጣቢያዎች በ2022 ውዱንም የገበያ ዋጋ ድጎማውንም አብረው ሰብስበዋል። ሸክሙን በሀብታምና በድሃ ላይ እንደ ገቢያቸው ከሚያደላድል ግብር ይልቅ፣ ሁሉም እኩል በሚፈልገው መብራት ላይ መጫን የተፈጥሮ ሕግ አልነበረም፤ የፖለቲከኞች ምርጫ ነበር። ማስረጃው የኅዳር 2025 በጀት ነው፤ የገንዘብ ሚኒስትሯ ሬቸል ሪቭስ የዚያን ወጪ ብዙውን ክፍል ወደ ግምጃ ቤት አዛወረች። መቻሉ ካልቀረ እስከዛሬ ምን ተጠበቀ?

ሌበር ደግሞ በ2024 «በ2030 ሂሳባችሁን በ300 ፓውንድ እንቀንሳለን» ብሎ ተመረጠ። ጣሪያው በዚያው ዓመት ጥቅምት 1,717፣ በሚያዝያ 2025 ደግሞ 1,849 ሆነ። ጥፋቱ የጋዝ ገበያው ነው ብሎ ማስረዳት ይቻላል፤ እውነትም ነው። ግን ገበያውን እንደማይቆጣጠር የሚያውቅ ሰው ቁጥር ቆርጦ ቃል አይገባም። ካርድ ቆጣሪው ባዶ የሆነበት ሰው ስለ ዓለም ሙቀት ንግግር ሲሰማ፣ «ይሰረዝ» የሚለው አንድ ቃል ይጣፍጠዋል።

ወግ አጥባቂዎቹማ ጭራሽ ተከተሉት። ኔት ዜሮን በሕግ ያጸደቀው የራሳቸው መንግሥት ነው። በጥቅምት 2025 ግን መሪያቸው ኬሚ ባድኖክ የ2008ቱን ሕግ እንሽራለን አለች። አምስት ወንበር ይዞ የገባ ፓርቲ አንድም ረቂቅ ሳያጸድቅ አገሪቱን ለዘመናት ያስተዳደረውን ፓርቲ ከገዛ ሕጉ አፋታው። እኔን የሚያሳስበኝ የፋራጅ ንግግር አይደለም፤ ንግግሩ ያልተመረመረ ሆኖ ሳለ ትልልቆቹ ሮጠው መቅዳታቸው ነው።

የፖሊሲው ዕዳ ማን ላይ እንደሚያርፍ ለማየት ወደ ምሥራቁ ባህር ዳርቻ መሄድ ነው። ሃል ከተማ በአሣ ማጥመድ የኖረች ወደብ ናት፤ ያ ሥራ ከሞተ ወዲህ የሲመንስ ጋሜሳ ፋብሪካ የተርባይን ክንፍ እየሠራ ይቀጥራል። ከሐምበር ወንዝ ማዶ ያለችው ግሪምስቢ ሆርንሲን የመሳሰሉ ግዙፍ የባህር ላይ የነፋስ ጣቢያዎች የሚጠገኑባት ሆናለች። በግንቦት 2025 የሃልና ምሥራቅ ዮርክሻየር ከንቲባ ሆኖ የተመረጠው ሉክ ካምቤል፣ ግሪምስቢን የምታጠቃልለው የታላቋ ሊንከንሻየር ከንቲባ የሆነችው አንድሪያ ጄንኪንስ፣ ሁለቱም የሪፎርም ናቸው። መራጩ ሞኝ ነው አልልም፤ ሥራውን ሳይሆን ሂሳቡን አይቶ መረጠ። ፓርቲው ግን የሚያጠፋውን ሥራ በምን እንደሚተካ ለሃል ሠራተኛ አልነገረም።

በሐምሌ 2025 የፓርቲው ሁለተኛ ሰው ሪቻርድ ታይስ ለኃይል ኩባንያዎች ደብዳቤ ጻፈ፤ በመጪው ጨረታ የምትፈርሙትን ውል ሥልጣን ስንይዝ እናፈርሰዋለን የሚል። የነፋስ ጣቢያ ነዳጅ አይገዛም፤ ወጪው ከሞላ ጎደል መጀመሪያ ላይ ተበድሮ የሚከፈል ነው። ስለዚህ የኃይሉን ዋጋ ከሚወስኑት ዋነኛው ወለዱ ነው። ውሉ ሊፈርስ ይችላል የተባለ አበዳሪ ወለድ ይጨምራል፤ ኩባንያው ጨረታው ላይ ዋጋ ይጨምራል፤ የተጨመረው በአዲሱ ደንብ ለሃያ ዓመት ከሸማቹ ይሰበሰባል። ፋራጅ ዳውኒንግ ስትሪት ባይገባም እንኳ የተፈረመው ዋጋ አይወርድም።