ስኳርስ በሽታ አይደለም እንዴ?

መንግሥት ሲፈልግ ይችላል። የኤች አይ ቪ መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. በነፃ መታደል ሲጀምር ክትትሉም አብሮ መጣ። ታማሚው ካርድ አለው፣ ቀጠሮው መዝገብ ላይ ሰፍሯል፣ ቢቀር ፈላጊ አለው። ስንቱ ከአልጋው ተነሳ! ይሄን አንክድም። (ገንዘቡ በአብዛኛው የፈረንጅ እንደነበር ግን አትርሱ።)

የስኳርና የደም ግፊት በሽተኛውስ? ዛሬ አንድ ሐኪም ያየዋል፣ በሚቀጥለው ቀጠሮ ሌላ። ካርድህ ጠፋ ይሉታል። ኢንሱሊን የለም፣ ከውጭ ግዛ ይሉታል። ቢቀር ማን ይፈልገዋል? ብዙውን ጊዜ የሚታወሰው እግሩ ሊቆረጥ ሲመጣ ነው።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2005 ዓ.ም. የቤተሰብ ሕክምና ስፔሻሊቲ ጀምሯል። የነዚህ ሐኪሞች ሙያ ይኸው ነው፤ አንድን ሰው ለዓመታት፣ ከነቤተሰቡ መከታተል። የስኳር ክትትል ፕሮግራም ይነደፍ ከተባለ መጀመሪያ መጠየቅ ያለባቸው እነሱ ናቸው። አለዚያ ቢሮ ተቀምጦ ፎርም የሚያትም አይጠፋም!

ብሪታንያ ይህን ቀምሳዋለች። እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ የቤተሰብ ሐኪሞችን ለክትትሉ በነጥብ ትከፍላቸው ነበር። ክትትሉ መልክ ያዘ፤ ብዙ ሐኪሞች ግን «በሽተኛውን ትተን ኮምፒዩተር ስንሞላ ዋልን» ሲሉ አማረሩ። ስኮትላንድ በ2016 ነጥቡን ተወችው። የኛዎቹስ ፎርሙ ከመታተሙ በፊት ቢጠየቁ ምን ይጎዳል?